«አራስ ናት፣ ያልፍላታል» ተብላ የተመለሰችው እህቴ

ሽንብጤዋ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ይሄን ነገር ሆዴ ውስጥ ይዤው ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ዛሬ ላውጣው።

ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ሴት ልጅ። በሰላም ተገላግላ በማግስቱ ቤት ገባን። ገንፎው፣ እልልታው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ጎረቤት፣ ሁሉም እንደ ደንቡ ነበር። በስድስተኛው ቀን ብርድ ብርድ አላት። ጋቢ ደራርበንላት ጥርሷ ይንገጫገጫል። አማቷ «ምች ነው፣ በር ተከፍቶ ነው» አሉ። ዳማከሴ ተጨምቆ ቀረበ። እኔም አልተቃወምኩም፤ እኔንም በዳማከሴ ነው ያሳደጉኝ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ሐኪም ቤት ወሰድናት። የቱ እንደሆነ አልጽፍም፣ ጠብ ፈልጌ አይደለም። ካርድ አውጥተን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ከጎናችን በእሷ ዕድሜ የሚሆን ወጣት ነበር። እግሩን ገጀራ ቆርጦት ቁስሉ አመርቅዟል፤ እሱንም ያተኩሰዋል። እሱ ገባ። ወዲያው አልጋ ተሰጠው፣ ደም ተወሰደለት፣ ግሉኮስ ተሰቀለለት። እህቴ ገባች። አምስት ደቂቃ አልቆየችም። «ጡትሽ ወተት ሞልቶ ነው የሚያተኩስሽ። አራስ ነሽ፣ ድካም ያለ ነው። ሕፃኗን በደንብ አጥቢ፣ ያልፍልሻል።» ፓራሲታሞል ተጽፎላት ወጣች።

ያን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሕፃኗን በሟች ወንድማችን ስም ጠራቻት። መጀመሪያ በእንቅልፍ ልቧ መሰለኝ። እጇን ስይዘው በረዶ ነው። ግንባሯ ግን አይፋጅም። ትኩሳቱ ለቀቃት ብዬ ደስ ሊለኝ ነበር እኮ! ደረቷን ሳየው ግን ዳገት እንደወጣ ሰው ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ባጃጅ ያለውን ጎረቤታችንን ቀስቅሰን ሌላ ቦታ ወሰድናት።

እዚያ አንዲት ልጅ እግር ነርስ ተቀበለችን። ምንም ሳትናገር አንዴ የእህቴን ደረት፣ አንዴ ሰዓቷን ታያለች። የሰዓቷ ማሰሪያ ተበጥሶ በቁስል ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ለምን እሱን እንዳስተዋልኩ አላውቅም። ሙሉ ደቂቃ ቆመች። «ኧረ ፍጠኚ» ልላት ምንም አልቀረኝም። ከዚያ «34» አለችና ሮጠች። ግፊቷ 80 በ50 ነበር። ማህፀኗ ውስጥ የቀረ ነገር ኢንፌክሽን ፈጥሮ ወደ ደሟ ገብቷል ተባልን። ዘጠኝ ቀን ተኛች። አሁን ደህና ናት፤ ይሄን ስጽፍ ጎኔ ሆና ታጠባለች።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሴት ስለሆነች ነው የተመለሰችው? ወይስ ዕድል ነው? ወይስ እኔ ነኝ ነገር የማከርረው?

ዓባይ ማዶ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡41

ተመስገን ነው የኔ እህት! እሷንም ልጇንም እመቤቴ ታሳድግልሽ። ሌላ የምለው የለኝም፣ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ተረኛው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

ሽንብጤዋ፣ እንኳን ተረፈችልሽ። ሐኪም ነኝ፣ ገና ሬዚደንት፤ ስፔሻሊስት ለመሆን እየተማርኩ ያለሁ። ዛሬ ተረኛ ስላልሆንኩ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

የያዛት ሴፕሲስ የምንለው ነው። ሰው «ደም መመረዝ» ይለዋል። የሚገድለው ጀርሙ ብቻ አይደለም። ሰውነት ጀርሙን ለመመከት የሚያደርገው ነገር መስመር ይስትና የራሱን ኩላሊት፣ ሳንባ፣ አንጎል መጉዳት ይጀምራል። እህትሽ ስም ያሳሳተችው ለዚያ ነው። እጇ የቀዘቀዘው ደም በደንብ እዚያ ስላልደረሰ ነው። የትኩሳቱ መውረድም ሁሌ መልካም ዜና አይደለም፣ አንዳንዴ እንዲያውም የመጨረሻው ክፉ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ብቻ በዓለም ወደ 49 ሚሊዮን ሰው ይዞ 11 ሚሊዮን ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። በዚያ ዓመት ከሞተው ሰው ከአምስቱ አንዱ ማለት ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ወባ ቢሆን ጣት ወግተን፣ ደሙን አይተን፣ «አለ» ወይ «የለም» እንላለን። ለሴፕሲስ እንዲህ ያለ አንድ ምርመራ የለም። ትንፋሹን፣ ግፊቱን፣ ሽንቱን፣ ንቃቱን፣ የላብራቶሪ ውጤቱን ገጣጥመን ነው የምንጠረጥረው። ጥርጣሬ ያለበት ቦታ ደግሞ ልማድ ይገባል። አራስ ላይ ነገሩ ይብሳል። በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የልብ ምት ይጨምራል፣ ግፊት ዝቅ ይላል፣ ነጭ የደም ሴል ከፍ ይላል። ያለ በሽታም ማለቴ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ያልተለመደ ቁጥር ሲያይ «አራስ ናት» ብሎ ለራሱ መልስ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ልክ ያልሆነ ቀን ግን ሰው ይሞታል።

ጥናትም አለ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ከባድ ሴፕሲስ ይዟቸው ድንገተኛ ክፍል የገቡ ሴቶች አንቲባዮቲክ ከወንዶቹ ዘግይቶ እንደደረሳቸው አሳይቷል። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ደግሞ የጽኑ ሕሙማን መዝገብ አይቶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መደረግ ያለበት ሁሉ ተሟልቶ የተደረገላቸው ሴቶች ከወንዶቹ ያንሱ ነበር። ስዊድን እንግዲህ መብራት የማይጠፋበት፣ ላብራቶሪ የማይዘጋበት አገር ነው።

ግን አንድ ነገር አብረሽ ያዥ። ያ ወጣት ቁስሉ በዐይን ይታያል። የእህትሽ አይታይም።

የደቅ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡05

እኔ አልተስማማሁም፣ ይቅርታ። ሁሉን ነገር ሴትና ወንድ እያልን መክፈል ፋሽን ሆኗል። ደቅ ደሴት ላይ ለታመመ ሰው ጣና ጾታ አይለይም። ጀልባ እስኪገኝ፣ ሞገዱ እስኪበርድ፣ ባሕር ዳር እስኪደረስ ድረስ ሁሉም እኩል ያቃስታል።

ታላቅ ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ሲመለስ አተኮሰው። ከመተማ የመጣ ጎረምሳ ሲያተኩሰው ምን ይባላል? ወባ! ደሙ ታየ፣ ወባ የለም ተባለ። «ቢሆንም ከመተማ ነው የመጣው» ተብሎ የወባ መድኃኒት ተሰጠው። ሦስት ቀን ዋጠ። ሱሪውን ገልጦ ያየው የለም። ጭኑ ላይ እባጭ ነበረው። እሱም ትንፍሽ አላለም፤ «ወንድ ልጅ በእባጭ ሐኪም ቤት ይሄዳል?» የሚል ሰው ነበር። በአራተኛው ቀን ጀልባ ላይ አረፈ። የጎርጎራ ነፋስ እንኳ አልነበረም፣ ውሃው ጸጥ ብሎ ነበር።

ታዲያ እሱን የገደለው ምኑ ነው? ወንድነቱ?

ሽንብጤዋ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ነፍስ ይማር ወንድሜ። እግዜር ያጽናህ።

ቆይ ግን፣ አንተም የምታወራው የኔኑ አይደል እንዴ? ወንድምህ ገና በር ላይ ሳለ ስሙ ወጥቶለት ነበር፣ «ወባ»። የእህቴም ስሟ ወጥቶላት ነበር፣ «አራስ»። ሁለቱንም ገልጦ ያያቸው የለም። በወንድነቱም ነው እኮ እባጩን የደበቀው። እኔ ሴት ብቻ ትበደላለች አላልኩም።

የደቅ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡26

እሺ፣ እዚህ ላይ ያዝሽኝ።

አዋላጇ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

ልጆቼ፣ አሥራ ሰባት ዓመት አዋልጃለሁ። ምሳ ሰዓቴ ላይ ነኝ፣ የፊደል ግድፈቴን እለፉት።

የደረት ቆጠራው ነገር ልቤን ነካው። እውነቱን ልናገርና የሥራ ጓደኞቼ ይጣሉኝ፤ ካርድ ላይ ከሚሞላው ቁጥር ሁሉ በብዛት በግምት የሚሞላው ትንፋሽ ነው። ግፊቱን መሣሪያው ያወጣዋል። ሙቀቱን ቴርሞሜትሩ ያወጣዋል። ትንፋሽ ግን ቆሞ መቁጠር ይፈልጋል። ሰልፉ በር አልፎ ወጥቷል፣ ስልክ ይጮኻል፣ ምጥ የያዛት ትጮኻለች። ታዲያ እጃችን «20» ብሎ ይጽፋል። የአሥር ሴት ካርድ ብታገላብጡ አሥሩም 20 ይተነፍሳሉ! የአዋቂ ሰው ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው። 34 ያለችው ልጅ ሙሉ ደቂቃ ባትቆም ኖሮ እህትሽም 20 ትሆን ነበር።

ሁለተኛው፣ ለሴት ማን ይናገርላታል? ወንዱ በሽተኛ ለራሱ ይናገራል። አራሷን «ምን ሆንሽ?» ስላት አማት ትመልሳለች። ባል ካለ ባል ይመልሳል። «ትንሽ ብርድ መትቷት ነው።» «ምግብ እምቢ ብላ ነው።» እሷ አንገቷን ደፍታለች። ፈሳሹ ይሸታል ወይ ብዬ መጠየቅ አለብኝ። በመጋረጃ ፈንታ የአንሶላ ቁራጭ ባለበት ክፍል፣ ባሏም የባሏም እናት ቆመው፣ እንዴት አድርጋ ትመልስልኝ? እኔ አማቲቱን «እስኪ እናቴ ውሃ ያምጡላት» ብዬ አስወጣለሁ። ያን ጊዜ ነው እውነቱ የሚወጣው። ሐኪሙ ወንድ ሲሆን ደግሞ እሱም ያፍራል፣ እሷም ታፍራለች፣ በሽታው ብቻ አያፍርም።

ስንማር የነገሩን አንድ ታሪክ አለ። ቪየና ውስጥ አንድ የማዋለጃ ሆስፒታል ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው የሐኪሞችና የተማሪዎቻቸው፣ ሁለተኛው የአዋላጆች። በሐኪሞቹ ክፍል አራሶች በትኩሳት እንደ ቅጠል ይረግፉ ነበር። ሴቶቹ ይሄን ከማንም በፊት ያውቃሉ። ወደዚያ ክፍል እንዳይመደቡ ተንበርክከው ይለምኑ ነበር። ፈሪ ሴቶች ተባሉ። ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1847 ሐኪሞቹ ከሬሳ ምርመራ ሲመጡ እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። ሞቱ ወዲያው ወረደ። ሐኪሞቹ ግን «የእኛ እጅ ነው እንዴ የሚገድለው?» ብለው ብዙዎቹ አኮረፉ። ሴቶቹ ግን ቀድመው ነግረዋቸው ነበር እኮ።

ቁጥር ይቀድማል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ጥሩ ውይይት ነው። እኔ የስታቲስቲክስ መምህር ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን ከቁጥር ጋር ስለምውል ትንሽ ላደናቅፋችሁ።

ሴቶች ዘግይተው ታከሙ ማለትና ሴት ስለሆኑ ዘግይተው ታከሙ ማለት አንድ አይደለም። የሴቶች ሴፕሲስ ብዙ ጊዜ ከሽንት ቧንቧ ይነሳል፣ የወንዶቹ ብዙ ጊዜ ከሳንባ። ሳንባ የታመመ ሰው ያስላል፣ ራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ማሽን የኦክስጅኑን መውረድ ይናገራል። ኩላሊቱ የታመመ ሰው «ወገቤን» ነው የሚለው። እና ልዩነቱ ከሐኪሙ ዐይን ነው ወይስ ከበሽታው መነሻ? ያንን ሳይለዩ መፍረድ አይቻልም።

ሌላም አለ። ተረኛው በጠቀሰው የ2017 ግምት ላይ የዕድሜ ልዩነት ተስተካክሎ ሲታይ በሴፕሲስ የሚያዙት ሴቶች ይበዛሉ፣ የሚሞቱት ግን ወንዶች ይበዛሉ። ለየደቅ ልጅ ይሄ ይጠቅመዋል። ሽንብጤዋ፣ አንቺን ለመቃወም አይደለም። ያንቺ ታሪክ አንድ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ሽንብጤዋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡52

መምህር፣ ልክ ነዎት፣ ሁለት ሰዎች ናቸው። ግን አንዷ እህቴ ናት።

መድኃኒት ቤቷ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

የመምህሩን ነገር ከባንኮኒ በኩል ልጨምርበት። ፋርማሲስት ነኝ። ሴቶች ሐኪም ጋ ሳይደርሱ እኔ ጋ ነው የሚመጡት። «ሽንት ያቃጥለኛል፣ ሲፕሮ ስጪኝ።» ሲፕሮ አንቲባዮቲክ ነው። ለምን ሐኪም ጋ አትሄጂም? ልጆቹን ማን ይይዝልኛል፤ ሱቁን ማን ይጠብቃል፤ ባሌን ብር መጠየቅ አለብኝ። የአምስት ቀኑን ጽፌ ስሰጥ «የሁለት ቀን አድርጊልኝ» ይላሉ። ማቃጠሉ በሁለተኛው ቀን ይተዋታል፣ ኢንፌክሽኑ ግን ወደ ኩላሊት እየወጣ ነው። በአምስተኛው ቀን ወገቧን ይዛ ትመጣለች። ያን ጊዜ መድኃኒት አልሸጥላትም፣ ባጃጅ ነው የምጠራላት።

ጥሩ ዜናም ልንገራችሁ፣ ክሩ ከበደ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ትልቅ ጥናት ምጥ ላይ ላሉ ከ29 ሺህ በላይ እናቶች አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ 2 ግራም አዚትሮማይሲን (አንቲባዮቲክ ነው) ወይም መድኃኒት የሌለበት እንክብል ሰጠ። አዚትሮማይሲን ከወሰዱት ሴፕሲስ የያዛቸው ወይም የሞቱት 1.6 ከመቶ፣ ካልወሰዱት 2.4 ከመቶ ሆኑ። አዚትሮማይሲን እኮ እዚህ መደርደሪያዬ ላይ ያለ መድኃኒት ነው። ይሄን ሰምታችሁ ግን ነገ መጥታችሁ ለራሳችሁ እንዳትገዙ፣ በሐኪም ነው!

የመንገደኛ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡58

ሁላችሁም ሐኪም ሐኪም ትላላችሁ። አራስ በጠበል ነው የምትድን። የተመለሰችበትን ሐኪም ቤት ስሙን ጥሪና እኛ እናሳያቸው።

አወያይ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡04

የሐኪም ቤትም የሰውም ስም እዚህ አይጠራም። ማስፈራራት ደግሞ ጭራሽ። ሁለተኛ ከተደገመ ክሩን እዘጋዋለሁ።

ሽንብጤዋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡12

ጠበሉንም ጠጥታለች ወንድሜ፣ ሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሆና። አባታችን ራሳቸው ናቸው «መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ» ያሏት።

ተረኛው
ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 9፡40

ተረኛ ነኝ፣ አሁን ትንሽ ጋብ ብሏል። ማክሰኞ ቀን ሙሉ ይሄን ክር ሳነብ አንድ ነገር ሳልጽፍ ቀረሁ። መምህሩ «ከሐኪሙ ዐይን ነው ወይስ ከበሽታው?» ብለዋል። ስለ ራሴ ዐይን ልንገራችሁ።

ኢንተርን፣ ማለትም ገና ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ ነው። የፈተና ሰሞን ነበር። ማታ ላይ ሦስት ልጆች አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግፈው አመጡ። ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፣ ጣቶቿ ደንዝዘዋል፣ ዐይኗ እንባ ሞልቷል። ጓደኛዋ «ነገ ፋይናል አለባት፣ ሦስት ቀን አልተኛችም» አለችኝ። አለቀ። ለእኔ በሽታው ታወቀ። ጭንቀት ነው። በዚያ ሳምንት እንደሷ ያሉ አራት አይቼ ነበር፣ አራቱም ሴቶች፣ አራቱም ጭንቀት። የወረቀት ከረጢት ሰጥቼ «እዚህ ውስጥ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ» አልኳት። እንዲያውም ትንሽ ሳቅሁ መሰለኝ። ልጅቷ ከከረጢቱ ቀና ብላ «ዶክተር፣ ያመኛል» አለች። «አውቃለሁ፣ አይዞሽ» አልኳት። የት እንደሚያማት አልጠየቅኋትም።

ሲኒየራችን፣ የበላይ ሐኪማችን ማለት ነው፣ ለሌላ በሽተኛ ሲያልፍ ቆም አለ። ጓንት እንኳ አላደረገም፤ መዳፉን ከጎድን አጥንቷ በታች፣ ጀርባዋ ላይ አድርጎ በስሱ መታ መታ አደረጋት። ጮኸች። ክፍሉ ሁሉ ዞረ። የኩላሊት ኢንፌክሽን ነበር። ትንፋሿ የፈጠነው ደሟ አሲድ ስለበዛበት ነው፤ ሰውነቷ አሲዱን በትንፋሽ ሊያወጣ እየታገለ ነበር። እኔ ደግሞ ያንን ትንፋሽ በከረጢት ላፍንባት ነበር። ግሉኮሱ በሁለት እጇ ተሰቀለ፣ ሴፍትሪያክሶን የሚባለው አንቲባዮቲክ ገባላት። ጽኑ ሕሙማን ክፍል አራት ቀን ቆየች። ተረፈች፣ ተመርቃለችም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት አለ፣ በየትምህርቱ የሚጠቀስ። ግፊቱ ለወረደ የሴፕሲስ በሽተኛ አንቲባዮቲክ በዘገየ በእያንዳንዱ ሰዓት የመትረፍ ዕድሉ ወደ 8 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል ይላል። እ.ኤ.አ. የ2021 የሴፕሲስ ሕክምና መመሪያ ሾክ ውስጥ ለገባ፣ ማለትም ግፊቱ በጣም ለወረደ በሽተኛ አንቲባዮቲክ ለመጀመር አንድ ሰዓት ነው የሚሰጠን፣ ሾክ ሳይኖር ለተጠረጠረ ሦስት። እኔ በከረጢት ያባከንኩት አርባ ደቂቃ ነው።

ወንድ ተማሪ እንዲያ እየተነፈሰ ቢመጣ ጭንቀት እል ነበር? ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። አይመስለኝም። ሳንባውን አዳምጥ ነበር።

አዋላጇ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ዶክተር፣ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሐኪም ብርቅ ነው። ተባረክ። ከሥራ ስትወጣ ተኛ።

ለሌሎቻችሁ፣ አራስ ቤታችሁ ካለች እስከ 42 ቀን ድረስ ዐይናችሁን አትንቀሉባት። ብርድ ብርድ ካላት፣ ከታች የሚሸት ፈሳሽ ካለ፣ ንግግሯ ከተዘበራረቀ፣ ሽንቷ ካነሰ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰች «ምች ነው» ብላችሁ አትደሩ። ጋቢውን ግለጡና ደረቷን በሰዓት ቁጠሩ። ሐኪም ጋ ስትደርሱም «አመማት» ብላችሁ አትቁሙ። «በወለደች በሰባተኛ ቀኗ ነው፣ ትንፋሿ በደቂቃ 30 ሞልቷል፣ ከትናንት ጀምሮ ስም ታሳስታለች» በሉ። ቁጥር ይዞ የመጣን ሰው እኛም መመለስ ያስፈራናል።

የደቅ ልጅ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡15

እናቴ፣ ለወንድም ይሠራል ይሄ?

አዋላጇ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡40

ይሠራል ልጄ። ሱሪውንም አስወልቁት።

ሽንብጤዋ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ክሩን ለእህቴ አነበብኩላት። ስለ ወተቱ የተባለውን ስትሰማ «እኔ እኮ ሆዴ ከታች ይወጋኛል ልለው ነበር» አለች። ለምን አላልሽውም? «እማማ አጠገቤ ነበሩ፣ እሱም መጻፍ ጀምሮ ነበር።»

አሁን የምትጨነቀው ስለ ሌላ ነገር ነው። ሰማንያ ቀን ሲሞላ የሕፃኗ ክርስትና ነው። ያቺን ነርስ ካልጠራሁ ድግሱ ይቅርብኝ ብላለች። ስሟን አልጠየቅናትም። ከሆስፒታል ስንወጣ ደግሞ ፈረቃዋ አልነበረም። የማውቀው ሰዓቷን ብቻ ነው።

አዋላጇ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡25

በፕላስተር የተጠቀለለ ማሰሪያ? ጥቁር፣ የወንድ ሰዓት የሚመስል? ስታወራ ድምፅዋ ዝግ ያለ?

በውስጥ መስመር ጻፊልኝ እስኪ።